የኬላው ባልና ሚስት

ሰረቀብርሃን ስሙን አሳጥሮ ከጠራው ሰው ሁሉ ጋር ተቀያይሟል። ስሙ በግዕዙ ብርሃን ወጣ ማለት ነው፤ ያወጡለትም የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው። ከወገቡ ቆርጠው ሲጠሩት ግን የቀረው ግማሹ ሌባ ያደርገዋል። ሰባተኛ ክፍል እያለ ጠመኔ በጠፋ ቁጥር የሂሳብ አስተማሪው “ማን ሰረቀ?” ይላል፤ ክፍሉ ሁሉ ደግሞ “ሰረቀ ሰረቀ!” እያለ ይንጫጫል፤ አስተማሪውም አብሮ ይስቃል። ትምህርቱን በዚያው ዓመት ተወው። ለጠየቀው ሰው ሁሉ “አባቴ ሞቶ ነው” ይላል፤ አባቱ የሞቱት ግን ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ቆይተው ነው።

አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሚኒያፖሊስ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ክሪስታል የሚባል ሰፈር ሁለት መኝታ ያለው አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል፤ ሥራው የኩላሊት በሽተኞችን በቫን ወደ ዲያሊስስ ማመላለስ ነው። አገር ቢቀይርም ቂሙን የትም ጥሎት አልመጣም። የኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሲናገር “ቁጭ በል፣ ነገሩ አልገባህም” ያለውን ሰውዬ፣ እንግሊዝኛውን በስልክ እየደገመች የሳቀችበትን ስምሪት ሰጪ ዲስፓቸር፣ “ካንተ ጋር ከማወራ ከግድግዳ ጋር ባወራ ይሻለኛል” ብላ ሻንጣዋን ያነሳችውን የቀድሞ ሚስቱን፣ ሁሉንም በየቀኑ እያወጣ ይወለውላቸዋል፤ አንዱም አልዛገበትም።

ጋብቻውም የመጣው ከዚሁ ከቂም ነው።

ሐብተማርያም የሚባል፣ ሮዝቪል ትልቅ ቤት የገዛ የድሮ የሰፈሩ ሰው የልጅ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ሰረቀብርሃንንም ጠርቶት ነበር። ወንበር ጠፋና ኩሽናው በር ላይ አስቀመጡት፤ ሳህን የያዘ ሰው ባለፈ ቁጥር ጉልበቱን እየሰበሰበ ያሳልፋል። ከውስጥ አንዲት ሴት፣ “ይኼ ሰውዬ እንዲሁ ብቻውን ሊቀር ነው እንዴ?” ስትል ሰማ። ሐብተማርያም ሳቀና፣ “ለሰረቀ ደግሞ ማን ሴት ይሰጣል? ሴቶቹን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው እንጂ!” አለ። ኩሽናው በሳቅ ተናጋ። ሰረቀብርሃን ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ማንንም ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ። መውጣቱንም ማንም ልብ አላለም። ይህኛው ከስድቡ የባሰ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላው ሳህሉ ደወለለት። ሳህሉ ፊሊፕስ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ቢሮ ታክስ የሚሠራ፣ ፎርም የሚሞላ፣ የሰው ጉዳይ የማያልቅበት የድሮ ወዳጁ ነው።

“አንዲት ሴት አለች” አለው። “የጥገኝነት ጥያቄዋን ሪጀክት አደረጉባት። አሁን የሚያድናት ሲቲዝን የሆነ ባል ብቻ ነው። አንተ ደግሞ አንድ ክፍል ባዶ አለህ። ግሪን ካርዷ ሲመጣ ትወጣልሃለች፣ ትፋታላችሁ፣ አለቀ። ምን እንድታደርግልህ ትፈልጋለህ?”

“ገንዘብ አልፈልግም” አለ ሰረቀብርሃን። “እሁድ እሁድ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትግባ። ሐብተማርያም በሚያዝያ ልጁን ይድራል፤ እዚያ ከጎኔ ትቀመጥ።”

“አንተ ሰውዬ፣ ሚስት ነው ወይስ ምስክር የምትፈልገው?”

“ያልኩህን ንገራት።”

ብርነሽ ሁለት ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዛ በሳህሉ መኪና መጣች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ውስጥ ትሠራለች፤ ቅድስት የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ትታለች። ሰረቀብርሃን የዚያን ቀን ጠዋት ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የጠበቃት። በሩን ሲከፍት ጎንበስ አለችና፣ “እንደምን ዋሉ ጋሽ ሰረቀብርሃን? እርስዎ ደግ ሰው እንደሆኑ ሳህሉ ነግሮኛል” አለችው።

እርስዎ! ቀለሙ ከነጠረኑ ፀጉሩ ላይ እያለ እርስዎ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሉ በጆሮው በገባ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ለእሱ እርስዎ ማለት እዚያ ማዶ ቁም ማለት ነው፤ ለቄስ፣ ለዳኛ፣ ለሬሳ የሚባል ነገር ነው። “አንተ በይኝ” ለማለት ግን አፉ አልዞረለትም። ብሏት እምቢ ብትለውስ?

በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ፈርመው ተጋቡ። እሷ በአንዱ ክፍል፣ እሱ በሌላው። በሚያዝያ ሐብተማርያም ልጁን ሲድር ሁለቱ እኩል ለብሰው ገቡ። ሰረቀብርሃን ይህቺን ቀን ስንት ወር አልሟታል። ሐብተማርያም ራሱ ጠረጴዛቸው ድረስ መጥቶ ጥሬ ሥጋ ቢጋብዘው፣ ብርነሽ ቀድማ፣ “ተዉላቸው፣ እሳቸው ጥሬ አይስማማቸውም” አለች።

“እሳቸው!” ሐብተማርያም ጭብጨባውን አቀለጠው። “ሰማችሁ? አንተ፣ ሚስት አገባህ ወይስ የንስሐ ልጅ ያዝክ?”

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ብርነሽም ነገሩ ሳይገባት ፈገግ አለች። ሰረቀብርሃን ሊያሳያቸው ይዟት ሄዶ፣ አሳይተውት ተመለሰ።

ሳህሉ፣ የኢሚግሬሽን ሰዎች ጋብቻው እውነት መሆኑን ለሚያጣሩበት ኢንተርቪው ሊያዘጋጃቸው በወር አንድ ጊዜ ይመጣል። የአልጋው አንሶላ ቀለም ምንድን ነው? ማን በየት በኩል ይተኛል? የጥርስ ብሩሹስ? ብርነሽ ሁሉንም እንደ ውዳሴ ማርያም ትወጣዋለች። አንድ ነገር ብቻ አልሆነላትም።

“አንተ በይው እንጂ ሴትዮ!” ይላል ሳህሉ። “ባልሽ እኮ ነው!”

“እሺ… አንተ…” ትልና ፊቷን በሁለት እጇ ትሸፍናለች። “አልችልም! አፌ አይታዘዝልኝም። በዕድሜ እኮ—”

“በዕድሜ ምን?” ይላል ሰረቀብርሃን።

“ምንም።”

ሌላው ኑሯቸው ግን ሳይታሰብ መልክ ያዘ። እሱ ከእሷ ቀድሞ ይነሳል። በረዶው ወራት ሲገባ ወርዶ የእሷን መኪና አስነስቶ ያሞቃል፣ መስታወቱን ይፍቃል። እሷም ከሥራ ስትመለስ የእሱን ራት በሳህን ከድና ምድጃው ላይ ታስቀምጣለች። ስለዚህ ጉዳይ አውርተው አያውቁም። ቁልፉን ማታ በሩ አጠገብ ትሰቅለዋለች፤ ጠዋት ይወስደዋል፤ በቃ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብርነሽ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ትርጉም ፊልም ታያለች። ተርጓሚው አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የውጭ ፊልም ከፍቶ የወንዱንም የሴቷንም የፈረሱንም ድምፅ ብቻውን በአማርኛ የሚያወራ። ከሥሩ የባለቤቶቹ ቋንቋ በስሱ ይሰማል። ያን ጊዜ የያዘችው የጃፓኖች የጥንት ተከታታይ ታሪክ ነበር። ኦኪኑ የምትባል ሴት ከአንድ ክፉ ጌታ ቤት ጠፍታ ትሸሻለች። በዚያ ዘመን መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ሴት ያለ ወረቀት ብቻዋን አታልፍም። ጊሄይ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ጃንጥላ ሠሪ፣ “ሚስቴ ናት” ብሎ ሊያሳልፋት ይስማማል። ኬላው ሲደርሱ በረዶው ተራራውን ይዘጋዋል፤ እነሱም በአንድ ማደሪያ ቤት፣ በአንዲት ክፍል፣ ባልና ሚስት መስለው መንገዱ እስኪከፈት ይቆያሉ። የኬላው ሹም ሻይ ልጠጣ እያለ በየቀኑ ይመጣና መኝታቸውን በዓይኑ ይመዝናል።

መጀመሪያ ሰረቀብርሃን ናቀው። “ቀሚስ የለበሰ ወንድ ጎራዴ ታጥቆ ሲሮጥ ምን ይታያል?” አለ። በሦስተኛው እሁድ ግን ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተገኘ።

“ይኼ ሹም ሳህሉን አይመስልም?” አለ።

“ኧረ ሹሙ ይሻላል!” አለች ብርነሽ። “ሳህሉ የጥርስ ብሩሽም ቆጥሯል።”

ያን ቀን አብረው ሳቁ። ሰረቀብርሃን ሳቁን ጨርሶ ሲያበቃ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር አብሮ ስቆ እንደማያውቅ ትዝ አለው።

አንድ እሁድ ሹሙ ድንገት በሩን ሲከፍተው ኦኪኑ ደንግጣ ወደ ጊሄይ ዞረች። ተርጓሚው በቀጭን ድምፅ፣ “ጌታዬ ሆይ፣ እርስዎ ይንገሯቸው!” አለ። ሰረቀብርሃን ከተቀመጠበት ተነሳ።

“ወደ ኋላ መልሺው!”

“ምን ሆኑ?”

“መልሺው አልኩሽ እኮ!”

መለሰችው። ከተርጓሚው ድምፅ ሥር ሴትየዋ በግልጽ፣ “አናታ” አለች።

“ሰማሽ? አንተ ነው ያለችው! ይኼ ደንቆሮ እርስዎ ብሎ ይተረጉማል።”

“ጃፓንኛ እኮ ነው፣ ጋሽ ሰረቀብርሃን።”

“ጃፓንኛም ቢሆን! ሚስት ባሏን እንዲህ ነው የምትጠራው።”

ብርነሽ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። “እሺ፣ ጃፓኖቹ አንተ ይባባሉ። እግዜር ያፋቅራቸው።”

ነገሩ ግን አልወጣለትም። ከሚያመላልሳቸው በሽተኞች አንዷ ጃፓናዊት አሮጊት ነበሩ። ማክሰኞ ዊልቸራቸውን ቫኑ ውስጥ ሲያስር፣ እንደምንም ብሎ፣ “አናታ ምን ማለት ነው?” ብሎ ጠየቃቸው። አሮጊቷ ዓይናቸው በራ። አንተ ማለት ነው አሉት፤ እናታቸው አባታቸውን ስልሳ ዓመት ሙሉ በስሙ ጠርተውት አያውቁም፣ ሲጠሩት “አናታ” ብቻ ነበር፤ በዚያች ቃል ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ሰረቀብርሃን መንገዱን ሁሉ መሪውን በጣቱ እየመታ ነዳ። ለብርነሽ ሊነግራት ነበር፤ ቤት ሲደርስ ግን እፍረት ያዘውና ተወው።

የታሪኩ መጨረሻ አልታየም። በረዶው ቀልጦ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ሁለቱ ኬላውን ሊያልፉ አንድ ክፍል ሲቀረው፣ ባለ ፊልሞቹ ተርጓሚውን ከሰውት ነው መሰል የዩቲዩብ ቻናሉ ተዘጋ። ሰረቀብርሃን ስልኩን ይዞ እንደተነጠቀ ሰው ተናደደ።

“ምን ይሆናሉ አሁን?” አለ። “አብረው ይቀጥላሉ እንጂ! ያን ያህል ጊዜ በአንድ ቤት ኖረው!”

“ኬላውን ካለፉማ ምን ያደርጋሉ?” አለች ብርነሽ፣ ካልሲ እያጠፈች። “ውሉ እኮ ማለፍ ነበር። እሷ መንገዷን፣ እሱም ወደ ጃንጥላው።”

እሱን አላየችውም። ካልሲውን ከመሰሉ ጋር አጣጥፋ አስቀመጠችና ሌላ አነሳች። ያን ጊዜ ነው ሰረቀብርሃን የገባው። ወረቀቱ ሲመጣ ትሄዳለች። ድሮም ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ የተስማማበት ነው። ግን ማወቅና እንደዚህ በካልሲ መሀል መስማት ለየቅል ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፖስታ ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር የኢንተርቪው ደብዳቤ እንዳይኖር ይመኛል። እሷ ደግሞ እንዲኖር ስዕለት ተስላለች።

ደብዳቤው የመጣው ከተጋቡ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናቸው ነው። ሳህሉ በደስታ ዘለለ። “ሁለት ዓመት ካለፋችሁ የምታገኘው የአሥር ዓመቱን ካርድ ነው! ካለፈች አንተን መቼም አትፈልግህም!” አለ፣ የምሥራች መስሎት። “ብትወድቅ ግን ለያይተው ይጠይቋችኋል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጎተታል።”

አንድ ዓመት። ሰረቀብርሃን ቃሉን በሆዱ ያዘ። አንድ ዓመት ማለት አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት ነው።

በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚ ሆና የመጣችው መቅሊት የምትባል፣ ሳህሉ ያገኛት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ፣ እናቷ በአማርኛ ስትጠይቃት በእንግሊዝኛ እየመለሰች ያደገች ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የሰማችው ግን የእናትና የልጅ አማርኛ ነው። እጇን አንስታ፣ የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ ብላ ማለች። ኦፊሰሯ መነጽር ያደረገች፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ነበረች። ለሰረቀብርሃን ጥቂት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠይቃው፣ ወደ ብርነሽ ዞረች።

“ጠዋት ቤታችሁ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።”

ብርነሽ ይህን አላጠናችውም። የምታውቀውን ተናገረች። “እሳቸው ቀድመው ይነሳሉ። ወርደው መኪናዬን ያሞቁልኛል። በረዶውን ይፍቁልኛል። ቁልፉን መልሰው ይሰቅሉልኛል።”

መቅሊት ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችው። ለአንድ የተከበረ ሰውም ሆነ ለአንድ መንጋ ሰው አማርኛው ያው “ይነሳሉ” ነውና ሁሉንም “ዘይ” አደረገችው። እነሱ ቀድመው ይነሳሉ። እነሱ መኪናዬን ያሞቁልኛል። እነሱ በረዶውን ይፍቁልኛል።

ኦፊሰሯ እስክሪብቶዋን አቆመች። “እነሱ እነማን ናቸው?”

መቅሊት፣ “ማን ናቸው?” ብላ ጠየቀቻት።

“እሳቸው ናቸዋ!” አለች ብርነሽ፣ ግራ ገብቷት።

“ዘይ” አለች መቅሊት።

ኦፊሰሯ ፋይሉን መልሳ ገለጠች። የቤቱ ውል ላይ ያለው ሁለት ሰው ነው። “አፓርታማው ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው? ሌሎቹ ከመቼ ጀምሮ አብረዋችሁ አሉ? ለምን እዚህ አልተጻፉም?”

ይህን ሁሉ ሰረቀብርሃን ሰማ። እንግሊዝኛው ለመናገር አይሙላ እንጂ ለመስማት ይበቃል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከኋላው የተቀመጡ ሰዎች ሲያወሩ እየሰማ ነድቷል። ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ከክፍሉ ውስጥ የገባው እሱ ብቻ ነው። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይቃናል። ዝም ካለ ደግሞ ፋይሉ ይዘጋል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይጎተታል። ማንም አይወቅሰውም። ዕድሜ ልኩን ሰው ሁሉ ሲለው የኖረው ይኼንኑ አይደል? ቁጭ በል፣ አልገባህም። እሺ፣ አልገባኝም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታው ጠቀመው።

ኦፊሰሯ አንድ ነገር መጻፍ ጀመረች። ብርነሽ ከወንበሯ ወደ እሱ ዞረች፣ እጅጌውንም ያዘችው።

“ሰረቀ፣ ምን አጠፋሁ? አንተ ንገራት እንጂ!”

መቅሊት ያንን “ሰረቀ” ምን እንደምታደርገው ጨንቋት አፏን ከፍታ ቀረች። ሰረቀብርሃን ግን ሌላ ነገር አልሰማም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያች ግማሽ ስም ሲቆስል ኖሯል፤ አሁን ግን ስሙ ጎዶሎ አልመሰለውም። ሌባ ያላለው ማን ነበር? እሷ አላለችውም። በድንጋጤዋ መሀል፣ ከዚህ ዓለም ሰው ሁሉ እሱን ነው የጠራችው። አንተ አለችው።

ተነሳ። መነሳት አያስፈልግም ነበር፤ ግን ተነሳ።

“ኦፊሰር” አለ። “ዘይ… ኖ ዘይ። ዘይ ኢዝ ሚ።”

ኦፊሰሯ ቀና አለች።

“እነሱ ማለት እኔ ነኝ” አለ፣ እንደምንም ቃል እየለቀመ በራሱ እንግሊዝኛ። “እኛ አገር ሰው ሲከበር ብዙ ይሆናል። አንድ ሰው ነው፣ ግን እንደ ብዙ ሰው ነው የሚወራለት። ቤታችን ሁለት ሰው ብቻ ነው። መኪናውን የማሞቀው እኔ ነኝ። በረዶውን የምፍቀው እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ። እሷ ናት ብዙ ያደረገችኝ።”

መቅሊት እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ኦ ማይ ጋድ” አለች። “ልክ ነው! እናቴ ስለ አያቴ እንዲህ ነው የምታወራው። አያቴ አንድ ሰው ናቸው። ይቅርታ፣ የእኔ ስህተት ነው።”

ኦፊሰሯ መጀመሪያ ፈገግ፣ ቀጥሎ ከት ብላ ሳቀች፤ ደግነቱ የሳቀችው በእሱ ላይ አልነበረም። የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘችው። “እኔ ባሌን ሃያ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ማድረግ አቅቶኛል” አለች። ሌላ አራት ጥያቄ ጠየቀች፤ ፋይሉን ዘግታ እጃቸውን ጨበጠች።

ፓርኪንጉ ውስጥ ብርነሽ አለቀሰች። “እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ሰረቀብርሃን። እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ ጠፍቼ ነበር” አለችው። ሰረቀብርሃን መሪውን ይዞ ቀበቶውን ሁለቴ ሳተው። እርስዎ። ከወንበር ተነስተው መኪና እስኪገቡ ድረስ ብቻ ነው አንተ የሆነው።

ካርዱ በሦስት ሳምንት መጣ። በወሩ መጨረሻ ሮዝቪል፣ ከሥራዋ አጠገብ፣ አንድ መኝታ ያለው ቤት አገኘች። ለልጇ ማመልከት ጀምራለች። የምትወጣበት ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ሳህሉ ከሰዓት በፊት መኪና ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ሻንጣዎቹ በሩ ጋ ቆመዋል። ሰረቀብርሃን ሲናገር የወጣው ያሰበው አልነበረም።

“ወረቀቱ ገባ፣ እንግዲህ አበቃ በይኛ። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ አንተ ብለሽ አታለልሽኝ።”

ብርነሽ ያጎነበሰችበትን ሻንጣ ትታ ቀና አለች።

“እዚያ አንተ ያልኩዎት ስለደነገጥኩ ነው” አለች ቀስ ብላ። “ስደነግጥ ማንን ምን ብዬ እንደምጠራ አላውቅም። የልጄን አባት ስምንት ዓመት አንተ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን በር ከፍቶልኝ አያውቅም። እርስዎን ግን እርስዎ የምልዎት አፌ ስላልታዘዘልኝ ይመስልዎታል? ከልቤ ነው። በዕድሜዬ ሰው አክብሬ የኖርኩት እዚህ ቤት ብቻ ነው።”

ሰረቀብርሃን የሚይዘው ነገር አጥቶ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ሁለት ዓመት ተኩል የጠላትን ቃል በየት በኩል እንደሚያነሳት አላወቀም።

“እንግዲያው ለምን ትሄጃለሽ?” አለ። “እውነት ብናደርገውስ?”

ብርነሽ የሻንጣውን ዚፕ ዘጋች።

“እርስዎ እኔን ያስገቡኝ ሐብተማርያም እንዲያየኝ ነው” አለች። “ሳህሉ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል። አልተቀየምኩም፤ እኔም ለወረቀት ነው የመጣሁት። ግን የሰው አፍ ማዘጊያ ሆኜ ልቀር አልፈልግም። ልጄ መጥታ ይኼ ሰውዬ ለምን አገባሽ ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ?”

“እሱ እኮ ድሮ ነው!”

“እርስዎ ዘንድ ድሮ የሚባል ነገር የለም፣ ጋሽ ሰረቀብርሃን። ሁሉም ትናንት ነው። እኔም አንድ ቀን አንድ ቃል አሳስታለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ትናንት እንደተናገርኩት ተቆጥሮብኝ እኖራለሁ።”

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ይሄንንም አልረሳልሽም የሚል ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ መጣበትና፣ ራሱን ሰማውና፣ መልሶ ዘጋው።

ከታች የሳህሉ መኪና ጡሩንባ ነፋ። ሻንጣዎቹን ሳህሉ ወሰደ። ፍራሹ ግን ሁለት ተሸካሚ የሚፈልግ ነበርና ሰረቀብርሃን ከሥር፣ ብርነሽ ከላይ ሆነው ያዙት። ደረጃው መታጠፊያው ላይ ጠበበ፤ ፍራሹ ታጥፎ ክብደቱ ሁሉ ወደ ታች መጣ። ሰረቀብርሃን ትከሻውን አስገብቶ ቆመ። ፍራሹ መሀላቸው ስለነበር አንዱ ሌላውን አያይም።

“ከበደዎት?” አለች ከወዲያ።

“አልከበደኝም” አለ። “ልቀቂው፤ እኔ ይዤዋለሁ።”

ለቀቀችው።